ማንም ያልሰማው ሲምፎኒ

ሚኒያፖሊስ፣ ሲዋርድ
ኖቬምበር 6 ቀን 2005

ወንድም ጋሼ ኤዶሳ፣

ደብዳቤህ ከደረሰኝ ሰነበተ። ያልመለስኩት የትምህርት ቤት ባስ ስነዳ ስለምውልና ስለሚደክመኝ ነው ብዬ ልዋሽህ ነበር፤ ተውኩት። ያዘገየኝ ጥያቄህ ነው። አስፈራኝ። ያ የሳንባ መርፌ ሳንባህን አድኖ ጆሮህን ከወሰደው ወዲህ ስለ በረዶውም ስለ ሥራውም ስለ ዘመዱም ጻፍኩልህ እንጂ ስለ ሙዚቃ ትንፍሽ አላልኩም። ወርቂቱም በስልክ "አደራ፣ እሱን ብቻ እንዳታነሺበት" ብላኝ ነበር። አንተ ግን ዙሪያ ጥምጥም ሳትሄድ ጠየቅከኝ። ሚስትህ ከእኔ በላይ ታውቅሃለች ብዬ ነበር የተቀመጥኩት፤ ተሳስተናል ማለት ነው።

ቫዮላዬን አልሸጥኩትም። እጫወታለሁ። ሰኞ ሰኞ ባሱን አስገብቼ፣ ዩኒፎርሜን እንኳ ሳልቀይር ቫዮላዬን ይዤ እዚሁ ሰፈር ወዳለ ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት እወርዳለሁ። ኦርኬስትራ ነው፤ ግን ማንም አይከፈለውም። ነርስ አለ፣ አስተማሪ አለ፣ ቧንቧ ሠራተኛ አለ። የምንጫወተው የኖርዌይን፣ የስዊድንን፣ የዴንማርክን ሙዚቃ ነው፤ ታዋቂውን ሳይሆን እዚያው አገራቸው እንኳ የተረሳውን። መሪያችን ካሪን ትባላለች። ጡረታ የወጣች የሙዚቃ አስተማሪ ናት፤ አያቶቿ ከስዊድን ነው የመጡት። "የታወቀውን ሌላው ይጫወተዋል፤ ይሄንን ግን እኛ ካልነካነው ማንም አይነካውም" ትላለች። ይሄን ስትል ፊቷን ብታየው ስብከት የምትሰብክ ነው የምትመስለው።

ዘንድሮ የያዝነው ሲግኔ ሆልመን የምትባል የኖርዌይ ሴት የጻፈችውን ሲምፎኒ ነው። ሴትየዋ አንድ የዓሣ አጥማጆች ከተማ ውስጥ ፒያኖ ስታስተምር ኖራ ነው የሞተችው። ሲምፎኒዋን በሕይወቷ አንድም ቀን ሲጫወቱላት አልሰማችም። ወረቀቱ አንድ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ተኝቶ ነበር፤ ካሪን ናት ፎቶ ኮፒ አስደርጋ ያስመጣችው። በግንቦት ሴንት ፖል ላይ እናቀርበዋለን። ሙዚቃውን ልግለጽልህ ወይ?

እንግዲህ ጠይቀኸኝ መልሻለሁ፤ አሁን ተራው የእኔ ነው። ሥራህስ? የቤተ ክርስቲያኑ መዘምራንስ እንዴት ናቸው? አሁንም እየመራሃቸው ነው?

በኦሮምኛ ልጽፍልህ ጀምሬ ነበር። የላቲኑ ቁቤ እኔም አንተም ከተማርን በኋላ የመጣ ስለሆነ እጄ ይደናቀፋል። በልብህ ተርጉመህ አንብበው።

እህትህ ሶሬቲ

*

ነቀምት
ኅዳር 26 ቀን 1998 ዓ.ም.

ለእህቴ ለሶሬቲ፣

ቤታችን ሰላም ነው፤ የቤቱም ሰዎች፣ ከብቱም፣ ጣሪያውም። ይሄን ካልኩሽ ወደ ነገሬ ልግባ።

ወርቂቱን ተቆጥቻታለሁ። እሷም መልሳ ተቆጣችኝ፤ ግን አፏ ሲፈጥን ማንበብ ስለሚያቅተኝ ምን እንዳለችኝ አላውቅም። አሸናፊው በዚህ ምክንያት እኔ ነኝ።

ስለ ሥራዬ ለጠየቅሽኝ፣ ከክፍል አውጥተው የትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ላይ አስቀምጠውኛል። ልጆቹ ቢንጫጩም ቢተራመሱም ለእኔ ሁሌም ጸጥታ ነው። ርዕሰ መምህሩ እንደኔ ያለ ታጋሽ ሠራተኛ አይቼ አላውቅም ይላል አሉ።

ሙዚቃውን ልግለጽልህ ወይ ላልሽው፣ አትግለጪልኝ። "ባሕር ይመስላል፣ ነፋስ ይመስላል" ብለሽ እንዳትጽፊልኝ። ኖታውን ላኪልኝ። ሚሲዮናዊቷ ሚስ ብሪታ በእግር የሚነፋውን ኦርጋን ስታስተምረኝ በመጀመሪያ ያሳየችኝ ቁልፎቹን ሳይሆን መስመሮቹን ነበር። ዓይኔ ደህና ነው፣ ማንበብም አልረሳሁም። ረጅም ከሆነ አንዱን ክፍል ብቻ ላኪ። ለኮንሰርቱስ ሰው ይመጣላችኋል? ሌሎቹ ተጫዋቾችስ ተስማምተውበታል?

መዘምራኑ ደህና ናቸው።

ወንድምሽ ኤዶሳ

*

ሚኒያፖሊስ
ዲሴምበር 26 ቀን 2005

ወንድም ጋሼ፣

ይሄን የምታደርስልህ ዳራርቱ ናት። አብራኝ ባስ ትነዳለች፤ እናቷን ልትጠይቅ ለገና ነቀምት ትገባለች። በፖስታ ልኬው መንገድ ላይ እንዲቀር አልፈለግሁም። የሁለተኛውን ክፍል ሙሉ ኖታ ነው የላክሁልህ፤ የሁሉም መሣሪያ አለበት። ጽሑፉ የሴትየዋ የራሷ እጅ ነው፤ አንዳንድ ቦታ ቀለሙ ፈሷል፣ ታገሠው። ዜማውን የሚጀምሩት ቫዮላዎች ናቸው። ይሄን ስነግርህ እየተኩራራሁ ነው።

ሰው ይመጣላችኋል ወይ ላልከኝ፣ እየጠራሁ ነው። ትናንትና ረሻድ ሱቅ ሄድኩ። ረሻድ የወሎ ሰው ነው፤ በርበሬም የስልክ ካርድም ይሸጣል፤ የሰፈሩ ሰው ሳያየው የሚውል የለም። ማስታወቂያችንን በሩ ላይ ልለጥፍ ስለው ወረቀቱን አገላብጦ አየው።

"የማን ኮንሰርት ነው?"

"የአንዲት ኖርዌጂያዊት።"

"መቼ ነው የምትመጣው?"

"ሞታለች። ቆይታለች ከሞተች።"

"ታዋቂ ነበረች?"

"ማንም አያውቃትም።"

"ሶሬቲ፣" አለኝ፣ "ማንም ለማያውቃት ለሞተች ፈረንጅ ሰው ልትጠሪላት ነው? የራሳችሁን ሰው ዘፈን ብትጫወቺ ለሰልፉ የሱቄ በር ይበቃሽ ነበር?"

ሳልቀየመው፣ "የራሳችንንማ የሚጫወተው ሞልቷል፤ እሷ ግን እኛን ነው ያገኘችው" አልኩት። ስቆ ራሱ ለጠፈልኝ፤ ያውም ከስልክ ካርዱ በላይ። ልጁ ኢቅራ "ዳድ፣ ኢት ሉክስ ናይስ" አለችልኝ፤ ደስ ይላል ማለቷ ነው። ይመጣል አልልህም።

ስለ ኮንሰርቱ ሌላ የጠየቅከኝ ነገር አለ። እሱን በሚቀጥለው። አንተም መዘምራኑን አሁንም እየመራህ እንደሆነ አልነገርከኝም።

ሶሬቲ

*

ነቀምት
ጥር 20 ቀን 1998 ዓ.ም.

ሶሬቲ፣

ልጅቷ ጨዋ ናት፤ ወረቀቱን እንደ ሕፃን አቅፋ ነው ያመጣችው። ምሳ በልታ፣ ከወርቂቱ ጋር ስታወራ ውላ ሄደች።

ወረቀቱን ወዲያው አልከፈትኩትም። ምክንያቱን ልንገርሽ። የማውቀውን መዝሙር ኖታ ሳይ ድሮ የሰማሁት ድምፅ ይመጣልኛል፤ ትንሽ ይሄድና ቀጥ ይላል፣ እንደ ተበጠሰ ክር። ከዚያ የቀረውን ቀን ከሰው ጋር መቀመጥ አልችልም። ይሄም እንደዚያ ያደርገኛል ብዬ ፈራሁ።

አላደረገኝም። ቅዳሜ፣ ልጆቹ በሌሉበት፣ ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ዘረጋሁት። ቫዮላዎቹ ጀመሩ። በቀስታ አነበብኳቸው፤ ከሥር ቼሎው ገባ፣ ከዚያ ሆርኖቹ፣ እነዚያ የነሐስ መለከቶች። ገጽ ገለጥኩ፤ አልተበጠሰም። እስከ መጨረሻው ሄደ፣ ሶሬቲ። የሚጠፋኝ የድሮ ድምፅ የለበትማ! ይሄን ሙዚቃ እኔ ድሮ ሰምቼው አላውቅም። ካሪንም አልሰማችውም፣ አንቺም። የጻፈችውም ራሷ አልሰማችውም። ሁላችንም ወረቀት ይዘን ነው የተቀመጥነው። እዚህ ሙዚቃ ፊት ደንቆሮው እኔ ብቻ አይደለሁም።

ወርቂቱ ፈልጋኝ መጥታ ትከሻዬን ስትነካኝ በእጄ ምቱን እመታ ነበር አለች፤ እኔ አላወቅኩም።

ለካሪን ግን አንድ ነገር ንገሪያት። መካከል ላይ፣ ዜማው ከፍ ብሎ ሊያርፍ ሲል፣ ሁለተኛው ሆርን የተጻፈለት ድምፅ ከቫዮላው ጋር ይጋጫል፤ ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ድምፆች እርስ በርስ ይፋጫሉ። የእጅ ስህተት ነው። ቀለሙም እዚያ ላይ ፈሷል። ግማሽ ድምፅ ዝቅ ቢል ያምራል። እኔ እንደዚያ አድርጌ ነው ያነበብኩት።

ሌላውን ጥያቄሽን አይቼዋለሁ።

ኤዶሳ

*

ሚኒያፖሊስ
ማርች 5 ቀን 2006

ወንድም ጋሼ፣

ደብዳቤህን ባስ ማቆሚያው ላይ ነው ያነበብኩት፣ ሞተሩ እየሠራ። ከዚያም ደጋግሜ አነበብኩት። እጥፋቱ ሊቀደድ ነው።

መጀመሪያ ያልነገርኩህን ልንገርህ። ኖታውን ስልክልህ ሲምፎኒው ተሰርዞ ነበር። ዲሴምበር ላይ ድምፅ ሰጥተን ተሸነፍን። የተጫዋቾቹ ወረቀት አይነበብም፤ ደግሞስ ማን ይመጣል፣ ሰው የሚያውቀውን እንጫወት አሉ። ካሪን ኮቷን ለብሳ ወጣች። ያልጻፍኩልህ ገና ተዋግቼ ስላልጨረስኩ ነው፤ የረሻድ በር ላይ ማስታወቂያውን የለጠፍኩትም በእልኼ ነበር። የተሸነፈ ነገር ልልክልህ አልፈለግሁም።

በነጋታው ዌስት ሴንት ፖል ካሪን ቤት ሄጄ፣ "ወረቀቱ ካልተነበበ እኛ እንጻፈዋለን" አልኳት። ስድሳ ስምንት ዓመቷ ነው፤ በኮምፒውተር ኖታ መጻፍ አብረን ነው የተማርነው። ክረምቱን ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ በዚያ በረዶ ድራይቭ እያደረግሁ ሄድኩ። እሷ ታነባለች፣ እኔ እጽፋለሁ። ትከሻዬ እስኪደነዝዝ። የሁሉንም መሣሪያ ጨርሰን አዲሱን ወረቀት ይዘን ሰኞ ልምምድ ላይ ቆምን።

"አንድ ልምምድ ስጡን፣" አልኳቸው። "ሁለተኛውን ክፍል ብቻ። ከዚያ ይቅር ካላችሁ እኔ ራሴ ወረቀቱን ሰብስቤ አስቀምጠዋለሁ።"

ተጫወትነው። ተንገዳገድን፣ ቆምን፣ ጀመርን። ጨረስነው። መጀመሪያ የተናገረው ቧንቧ ሠራተኛው ነው፤ ትራምፔት የሚጫወተው፣ ከሁሉ በላይ የተቃወመን። "እስኪ ከመጀመሪያው፣" አለ። በሚቀጥለው ሰኞ እንደገና ድምፅ ሰጠን። ግንቦት እንጫወታለን።

አሁን ስለ ሆርኑ። ያልከውን ለካሪን ነገርኳት፤ እሷም እንዳንተ ጠርጥራ ነበር። ሁለቱንም ሞከርነው። ዝቅ ሲል ያምራል፣ እውነትህን ነው። ግን ተኛ። እንደተጻፈው ሲሆን ያማል። ጥርስህን ይነካሃል። ከዚያ ሲፈታ ግን ክፍሉ ሰፋ። ስህተት አይደለም፤ ሴትየዋ እንዲያመን ፈልጋ ነው። ይቅር በለኝ፣ አንተ አሳምረህ ሰምተኸዋል፤ እሷ ግን እንዲያምር አልጻፈችውም።

አሁን የመጨረሻው። ዳራርቱ ተመልሳለች። እዚያ ሳለች እሁድ እናንተ ቤተ ክርስቲያን ሄዳ ነበር። መዘምራኑን የሚመራው ሌላ ልጅ ነው አለችኝ። "ኤዶሳስ?" ብትል ነገሯት፤ ከሁለት ዓመት ወዲህ ደጃቸውን አልረገጥክም። "መዘምራኑ ደህና ናቸው" አልከኝ እኮ! አዎ፣ እነሱ ደህና ናቸው። እኔ የጠየቅኩህ አንተን ነው።

ዝም ብዬ እንዳልፈው አትጠብቀኝ። መልስልኝ።

ሶሬቲ

*

ነቀምት
መጋቢት 18 ቀን 1998 ዓ.ም.

ሶሬቲ፣

ቁጣሽ ደርሶኛል። ወርቂቱ ከፊቴ አንብባው "አበጀሽ" እያለች ነበር፤ ይሄን አፏን በደንብ አነበብኩት።

ስለ ጠየቅሽኝ እነግርሻለሁ፤ ለሌላ ሰው አልተናገርኩትም። ከሆስፒታል ከወጣሁ በኋላ አንድ እሁድ መርቻለሁ። ጉባኤው ሞልቶ ነበር። እኔ በልቤ እየሰማሁ እመታለሁ፤ ደስ ብሎኛል፣ እንደ ድሮው ሆነልኝ ብያለሁ። ቀና ስል ሁሉም አፋቸውን ዘግተው አንገታቸውን ደፍተዋል። ጨርሰው ኖሯል። መቼ እንደጨረሱ አላውቅም። እኔ ብቻዬን ነበር እጄን የማወናጭፈው፣ ሰው ሁሉ እያየ። አንድ ሰው አልሳቀም። ቢስቁ ይሻለኝ ነበር። እጄን አወረድኩ፣ በጎን በር ወጣሁ፣ አልተመለስኩም።

እንግዲህ ይሄ ነው። "ሂድ፣ ተመለስ" ብለሽ ከዚያ ማዶ ማዘዝ ቀላል ነው። እዚያ የቆምኩት እኔ ነኝ። ይሄን ስጽፍ ተናድጃለሁ፤ አንቺም እንዲህ ስለማትፈሪኝ ትንሽ ደስ ብሎኛል።

ስለ ሆርኑ የጻፍሽው ግን ከሁሉም በላይ ነው ያመመኝ። እኔ ሙሉውን ሰማሁት ብዬ ነበር። የሰማሁት ራሴ ያስተካከልኩትን ነው። ለቀናት ወረቀቱን መሳቢያ ውስጥ ዘጋሁበት። ከዚያ አውጥቼ እንደተጻፈው ለማንበብ ሞከርኩ። ልቤ እምቢ ይላል፤ እዚያ ሲደርስ ይንሸራተትና የሚመቸው ላይ ያርፋል። እንደገና። እንደገና። ትናንት ከሰዓት በኋላ መጣልኝ፤ ሁለቱም ድምፆች አንድ ላይ፣ ሳይታረቁ። ወንበሩን ይዤ ቀረሁ።

እውነትሽን ነው። ያማል፣ ልክ ነው።

ከኮንሰርቱ በኋላ ጻፊልኝ። እንዳታሳምሪው።

ኤዶሳ

*

ሚኒያፖሊስ
ሜይ 22 ቀን 2006

ወንድም ጋሼ፣

አላሳምረውም። ወንበሩ ግማሹ ባዶ ነበር። የመጀመሪያው ክፍል ላይ አንድ ቦታ ፈራረስን፤ ካሪን በዓይኗ ሰብስባ መለሰችን። የምድር ቤቱ ሙቀት የለመደው ቫዮላዬ በትልቁ አዳራሽ ብርድ ክሩ ይላላብኝ ነበር። አራተኛው ክፍል ላይ ሆርኖቹ ደክመዋል። እንግዲህ ከዚህ በላይ የማላሳምረው የለኝም።

ሁለተኛውን ክፍል እኛ ስንጀምር፣ ቀስቴን ከማንሳቴ በፊት አንተን አሰብኩ። ከዚያ ተውኩህ፤ ሥራ ነበረብኝ። ሆርኑ እንደተጻፈው ገባ። ከፊት የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ፊታቸውን ጨፍግገው ወደ ፕሮግራሙ ሲያቀረቅሩ አየሁ፤ ስህተት መስሏቸው ይሆናል። ሲፈታ ቀና አሉ። ካሪን እጇን ቶሎ አላወረደችም። ማንም አላሳለም። በዚህ አገር ክረምት ያለፈው ሕዝብ አንድ ላይ አለማሳሉ ቀላል ነገር አይደለም።

ረሻድ መጥቷል! ከኢቅራ ጋር፣ ክራቫት አስሮ። ወጥቶ ሲጠብቀኝ "ሶሬቲ፣ የመጀመሪያው ላይ ተኝቻለሁ፣ አልደብቅሽም፣" አለኝ። "ሁለተኛው ላይ አንድ የሆነ ነገር የተሰበረ መስሎኝ ባነንኩ። ዙሪያዬን አየሁ፤ ማንም አልደነገጠም። ከዚያ በኋላ እንቅልፉ እምቢ አለኝ።"

"ወደድከው?"

"መውደዱን እንጃ። ልቤ ውስጥ ግን አለ፣ እየነዳሁ እንኳ።"

ለእኔ በቂ ነው። ካሪን መኪናዋ ጋ ቆማ ስታለቅስ አገኘኋት፤ "መጸው ላይ ሦስት ሰፈር ይዘነው እንሄዳለን" አለችኝ አፍንጫዋን እየጠረገች። አንዱ ኢንቨር ግሮቭ ሃይትስ ነው፣ አንዱ እዚሁ የእኛ ሰፈር ነው፣ ሦስተኛውን ገና እየተከራከርን ነው። ግማሹ ወንበር ባዶ ቢሆን ሌላውን ግማሽ ደግሞ እናመጣለን። የቤተ ክርስቲያኑን ፎቶ ኮፒ ማሽን ጠግኜዋለሁ፤ ማስታወቂያውን እኔ ነኝ የማዞረው።

ስለ መዘምራኑ ከዚህ በኋላ አልጠይቅህም። የነገርከኝን ካነበብኩ በኋላ "ሂድ" የሚል ቃል ከአፌ አይወጣም። የቀሩትን ሦስት ክፍሎች ግን አብሬ ልኬልሃለሁ፤ ያንተ ናቸው።

ሶሬቲ

*

ነቀምት
ሰኔ 20 ቀን 1998 ዓ.ም.

ለእህቴ ለሶሬቲ፣

ዝናቡ ጀምሯል። ጣሪያውን ሲመታው ወለሉ ሲንቀጠቀጥ በእግሬ አውቃለሁ፤ ወርቂቱም አልጋ ላይ ሆና "ጠነከረ?" ብላ እኔን ትጠይቀኛለች። ቀለድንበት።

ሁለተኛውን ክፍል ለአራት ድምፅ ጻፍኩት። ቫዮላው የሚለውን ለአልቶዎቹ ሰጠሁ፣ ሆርኑን ለቴኖሮቹ። ቃሉን ከዳዊት መዝሙር ወስጄ በኦሮምኛ አገባሁበት፤ በእጄ አባዝቼ ሐሙስ ዕለት በጎን በር ገባሁ። በወጣሁበት።

የሚመራቸው ልጅ ዲንሳ ይባላል። ሲያየኝ በትሩን ሊሰጠኝ እጁን ዘረጋ፤ "ያዘው፣" አልኩት፣ "ጅማሬና ማብቂያውን አንተ ታሳየኛለህ፤ መካከሉን እኔ አስተምራቸዋለሁ።"  ከዚያ መጥቶ ከጎኔ ቆመ፤ ትከሻው ትከሻዬን እየነካ። ሲጀምሩ ይገፋኛል፣ ሲጨርሱ ይይዘኛል። ከእንግዲህ ብቻዬን እጄን የማወናጭፍበት መንገድ የለም።

እዚያች መጋጨት ላይ ሲደርሱ እያየኋቸው ነበር። ፊታቸው ዘና ብሏል። አስቆምኳቸው።

"ተሳስታችኋል፣" አልኩ።

ጎንፋ፣ ከቴኖሮቹ ትልቁ፣ እንድረዳው አፉን ከፍቶ ቀስ አድርጎ፣ "ሳትሰማ እንዴት አወቅክ?" አለኝ።

"ተመችቷችኋላ፤ እዚህ ቦታ ላይ መመቸት የለበትም።"

ደገሙት፤ አሁንም ዘና አሉ። እንደገና። ማምሻው ላይ አልቶዎቹ በሙሉ ፊታቸውን ጨፍግገው፣ ጎንፋም ጥርስ እንዳመመው ሰው ሆኖ አየሁት። ዲንሳ ክንዴን ጭምቅ አደረገኝ። ወደ እሱ ሳልዞር አወቅኩ።

ደክሞኛል፣ ሶሬቲ። ከሰው ፊት ላይ ሙዚቃ ማንበብ ከወረቀት ይከብዳል። ሐሙስም እሄዳለሁ፣ ከዚያ ቀጥሎ ያለውም ሐሙስ እሄዳለሁ። አንዳንዱ ቀን እንደሚያሳፍረኝ አውቃለሁ፤ ያሳፍረኝ።

ስንበታተን አንዲት አዲስ የገባች ልጅ፣ ስለ እኔ ማንም ያልነገራት፣ ወረቀቱን ይዛ መጥታ አንድ ነገር ጠየቀችኝ። ከአፏ ላነበው አልቻልኩም። በወረቀቱ ጀርባ ጻፈችልኝ፤ "ይሄን መዝሙር የት ነው የሰሙት?" ይላል።

"አልሰማሁትም፣" አልኳት፤ "ከዛሬ ሐሙስ ጀምሮ እናንተ አሰሙኝ።"

ወንድምሽ ኤዶሳ